ሳይከፍቱ ማወቅ፦ ኔትወርኩ የምንጠቀመውን መተግበሪያ በምን ይለየዋል?

ዱባይ ወይም አቡዳቢ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። በዋትስአፕ የተጻፈ መልእክት ይደርሳል፤ ፎቶ ይደርሳል፤ ተቀድቶ የተላከ ድምፅም ይደርሳል። የጥሪው ምልክት ሲነካ ግን ወይ አይያያዝም፣ ወይ ተያይዞ ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ከአገር ቤት ጋር የሚነጋገሩ ወገኖቻችን ግማሹን ወሬ በተቀዳ ድምፅ ይቀባበላሉ፤ ቀሪውን ፈቃድ ባለው እንደ ቦቲም ባለ መተግበሪያ ይጨርሳሉ። የሕጉ ምክንያት የታወቀ ነው። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የኢንተርኔት የድምፅ ጥሪ የሚፈቀደው ፈቃድ ላላቸው ኦፕሬተሮችና ከእነሱ ጋር ለተስማሙ ብቻ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያም እስከ 2017 ድረስ ተመሳሳይ እገዳ ነበራት። (በዚህ ጽሑፍ ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው ግልጽ የማይሆንለት ዘዴው ነው። ዋትስአፕ ከ2016 ጀምሮ መልእክቱንም ጥሪውንም ከላኪ እስከ ተቀባይ ይመሰጥራል፤ መሀል ላይ ያለው ኦፕሬተር ይዘቱን ማንበብ አይችልም። ታዲያ ሁለቱም የተመሰጠሩ፣ ሁለቱም ከአንድ ስልክና ከአንድ መተግበሪያ የወጡ ሆነው ሳለ የተቀዳውን ድምፅ አሳልፎ የቀጥታውን የሚያስቀረው በምን ለይቶ ነው?

ምስጠራ የሚደብቀው ይዘትን ነው፤ የትራፊኩን ጠባይ አይደብቅም። የመረጃው ፓኬቶች መጠን፣ አቅጣጫና የጊዜ ክፍተት ለማንም መሀል ላይ ለቆመ ይታያል። ላለፉት ሃያ ዓመታት ተመራማሪዎች፣ የቴሌኮም መሣሪያ ሻጮችና መንግሥታት ይህን ጠባይ ለማሽን ለርኒንግ እየመገቡ የትኛው ፍሰት የየትኛው መተግበሪያ እንደሆነ ማስለየት ለምደዋል። የማሽኑ መልስ ግን ግምት ነው። ስህተት ርካሽ በሆነበት ሥራ ላይ ይህ ግምት በጣም ይጠቅማል፤ ስህተቱ ሰው በሚጎዳበት ሥራ ላይ ግን ሻጮቹ ከሚሉት እጅግ ያነሰ አስተማማኝ ነው። ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ልዩነት ነው።

ከፖርት ቁጥር ወደ ጠባይ

ኢንተርኔት ገና ትንሽ በነበረበት ጊዜ መለየት ቀላል ነበር። እያንዳንዱ አገልግሎት የታወቀ የፖርት ቁጥር ነበረው፤ ድረ ገጽ 80፣ ኢሜይል መላኪያ 25፣ የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው ዲኤንኤስ 53። ኦፕሬተሩ ቁጥሩን አይቶ ይወስናል። ይህን ያፈረሱት በ2000ዎቹ መጀመሪያ የመጡት እንደ ካዛና ቢትቶረንት ያሉ የፋይል መጋሪያዎች ናቸው። ፖርታቸውን እንደ ልባቸው ይቀያይሩ ነበር፤ አንዳንዴም በ80 ቁጥር በኩል ድረ ገጽ መስለው ያልፉ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የፓኬቱን ሆድ ከፍቶ ማየት ነው፤ ጥልቅ የፓኬት ፍተሻ ይባላል። መሣሪያው በይዘቱ ውስጥ የታወቁ የፊደል ቅደም ተከተሎችን ይፈልጋል፤ ካገኘ ያሳልፋል፣ ያዘገያል ወይም ይቆርጣል። በ2007 የአሜሪካው ኮምካስት በሳንድቫይን መሣሪያ የደንበኞቹን የቢትቶረንት ግንኙነት በሐሰተኛ የማቋረጫ ፓኬት እየበጠሰ መሆኑ ታወቀ። የአሶሼትድ ፕሬስ ዘጋቢዎች ይህን የፈተኑት የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስን በቢትቶረንት ለማጋራት በመሞከር ነበር፤ እሱም ተቆረጠ። መሣሪያው የሚያውቀው ቢትቶረንት መሆኑን ብቻ ነው፤ የተላከው የተሰረቀ ፊልም ይሁን ማንም ሊያባዛው የሚችል መጽሐፍ ለእሱ ለውጥ አልነበረውም። የአገሪቱ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2008 ድርጊቱን እንዲያቆም አዘዘ፤ በ2010 ደግሞ ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ይህን የማዘዝ ሥልጣን አላሳየም ብሎ ትእዛዙን ሻረው።

ፍተሻውን ያከሸፈው ምስጠራ ነው። ኤድዋርድ ስኖውደን በ2013 የአሜሪካን የኢንተርኔት ስለላ ካጋለጠ በኋላ ኩባንያዎች ትራፊካቸውን መቆለፍ አጣደፉ። ለድረ ገጾች ነፃ የምስጠራ ሰርተፍኬት የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት ሥራ ሲጀምር ትንንሾቹም ተከተሉ። በ2018 የጸደቀው ቲኤልኤስ 1.3 የተባለው የምስጠራ ሥርዓት ቀድሞ በግልጽ ይታይ የነበረውን የሰርቨሩን ሰርተፍኬት ሳይቀር ሸፈነ። አንድ ቀዳዳ ግን ቀረ፤ ግንኙነት ሲጀመር ስልኩ የሚፈልገውን ድረ ገጽ ስም በግልጽ ይጠራል። ኤስኤንአይ የሚባለው መስክ ይህ ነው። ደቡብ ኮሪያ በ2019 የታገዱ ድረ ገጾችን መዝጋት የጀመረችው በዚሁ መስክ ነው። ዛሬም ገበያ ላይ ካሉት መሣሪያዎች ብዙዎቹ “በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እንለያለን” ይበሉ እንጂ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ይህን ስም በማንበብ ነው።

የጠባዩ መንገድ ግን ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ተጠርጎ ነበር። በ2005 አንድሪው ሙርና ዴኒስ ዙዬቭ በእጅ የተለየ ትራፊክ ወስደው፣ የእያንዳንዱን ፍሰት አኀዛዊ ባህርያት ናይቭ ቤይስ ለሚባል ቀላል ስልት ሰጡት። ስልቱ በጥሬው 65 በመቶ አካባቢ ትክክል ለየ፤ ሁለት ማሻሻያ ሲደረግለት ከ95 በመቶ አለፈ። በዓመቱ ደግሞ ሎራን ቤርናይና ባልደረቦቹ የፍሰቱን የመጀመሪያዎቹን አምስት ፓኬቶች መጠን ማየት ብቻ ብዙውን እንደሚያስለይ አሳዩ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ፍሰቱ እስኪያልቅ የሚጠብቅ መሣሪያ መዝጋቢ ከመሆን አያልፍም፤ በአምስተኛው ፓኬት የሚያውቅ ግን ገና ሳይጀመር ሊያግድ ይችላል።

ማሽኑ የሚያየው

አንድ ስልክና አንድ ሰርቨር በአንድ ግንኙነት የሚቀባበሏቸው ፓኬቶች በጥቅሉ ፍሰት ይባላሉ። ፍሰቱ ቢመሰጠርም አራት ነገር ይታያል፤ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ እያንዳንዱ ፓኬት ስንት ባይት እንደሆነ፣ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች እንደሚጓዝ፣ ከቀዳሚው ስንት ሚሊሰከንድ ዘግይቶ እንደመጣ። የመርካቶ ወዛደር የተሰፋ ጆንያ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ቡና ይሁን ጨው ሳይፈታ እንደሚያውቀው ነው።

የዋትስአፑን እንቆቅልሽ በዚህ ዓይን እንየው። የቀጥታ ጥሪ በተለምዶ በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ቁራጭ ድምፅ ይልካል፤ በሰከንድ 50 ፓኬት መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ፓኬት ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ባይት። ሁለት ሰዎች ስለሚነጋገሩ ተመሳሳይ ጅረት በሁለቱም አቅጣጫ ይፈሳል፤ ወሬው እስኪያልቅም ለደቂቃዎች ሳይቋረጥ ይቀጥላል። የተቀዳ ድምፅ ግን ፋይል ነው። የሠላሳ ሰከንድ ንግግር በትልልቅ ፓኬቶች ተጭኖ ባንድ አቅጣጫ ይሮጣል፤ ኔትወርኩ ደህና ከሆነ በአንድ ሁለት ሰከንድ ያልቃል። ከጽሑፍ የሚወጣው ደግሞ ጥቂት ፓኬት ነው፤ ከዚያ ዝምታ። ቪዲዮ ሲታይ ከላይ ወደ ታች 1,400 ባይት የሚጠጉ ፓኬቶች በጎርፍ መልክ ይመጣሉ፤ ጥቂት ሰከንድ ያርፋሉ፤ ደግመው ይመጣሉ። ስልኩ ቪዲዮውን በቁራጭ በቁራጭ እያወረደ ስለሚያጠራቅም ነው። እነዚህን አራቱን ለመለየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ወረቀት ላይ ቢሳሉ ሕፃንም ይለያቸዋል።

ጥሪው ሌላም አጋላጭ አለው። ሁለት ስልኮች ከመነጋገራቸው በፊት አድራሻቸውን ለማወቅ ስተን በሚባል የታወቀ ሥርዓት ይጠያየቃሉ፤ የዚህ ሥርዓት መደበኛ መልእክት ሁሉ ቋሚና ይፋ የሆነ አንድ ቁጥር በግልጽ ይይዛል። ያን ቁጥር የሚያድን መሣሪያ ማሽን ለርኒንግም አያሻውም። ኦፕሬተር ርካሹ መንገድ ከሠራለት ውዱን አይጠቀምም።

ማሽን ለርኒንግ የሚገባው ርካሹ መንገድ ሲዘጋ፣ ወይም ጥያቄው ሲጠብ ነው፤ “ጥሪ ነው ወይስ ቪዲዮ?” ከሚለው አልፎ “የቴሌግራም ጥሪ ነው ወይስ የዋትስአፕ?” “ተራ ድረ ገጽ ነው ወይስ ድረ ገጽ የመሰለ ቪፒኤን?” ሲባል። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ባለሙያዎች የታወቁ መተግበሪያዎችን በስልክ ላይ እየከፈቱ ትራፊካቸውን ይቀዳሉ፤ እያንዳንዱ ፍሰት ላይ ስሙን ይለጥፋሉ፤ ከፍሰቱ በአሥሮችና በመቶዎች የሚቆጠሩ ልኬቶችን ያወጣሉ። አማካይ መጠን፣ ትልቁና ትንሹ ፓኬት፣ የክፍተቱ መዋዠቅ፣ የላይና የታች ጥምርታ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከዚያ ሞዴሉ የትኛው ልኬት የትኛውን ስም እንደሚያመለክት ይማራል። በብዛት የሚሠራበት ራንደም ፎረስት የሚባለው ስልት ነው። በመቶ የሚቆጠሩ የጥያቄ ዛፎች ይሠራል፤ “ፓኬቱ ከ200 ባይት በታች ነው? በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ነው?” እያለ እያንዳንዱ ዛፍ ድምፅ ይሰጣል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው ስም ይለጠፋል። አዲሶቹ የኒውራል ኔትወርክ ሞዴሎች ልኬቱን ራሳቸው እንዲያወጡ የፓኬቶቹ ቅደም ተከተል እንዳለ ይሰጣቸዋል።

ይህ ስልት የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ሁለት ሥራዎች ያሳያሉ። በ2017 ሁለት የዌስት ፖይንት ተመራማሪዎች 42,027 የኔትፍሊክስ ቪዲዮዎችን አሻራ ሰብስበው፣ አንድ ሰው በምስጠራ ውስጥ የትኛውን እያየ እንደሆነ ከ99.99 በመቶ በላይ በሆነ ትክክለኛነት ለዩ። የእያንዳንዱ ፊልም ቁራጮች መጠን እንደ ትዕይንቱ ስለሚለያይ ቅደም ተከተሉ የፊልሙ መታወቂያ ይሆናል። ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ ደግሞ ቻርልስ ራይትና ባልደረቦቹ ከተመሰጠረ የኢንተርኔት ጥሪ የተናጋሪውን ቋንቋ ለመለየት ሞክረው ነበር። ከ21 ቋንቋዎች መካከል 66 በመቶ ጊዜ ትክክለኛውን መረጡ፤ በጭፍን ግምት ቢሆን 5 በመቶ እንኳ ባልሞላ ነበር። ድምፅን የሚጨምቀው ስልት ለየድምፁ የተለያየ መጠን ስለሚመድብ ነው ይህ የሆነው። ቋሚ መጠን ብቻ የሚልክ ስልት ቢመረጥ ኖሮ ይህ በር ይዘጋ ነበር።

የ99 በመቶው ወጥመድ

አንባቢ ከዚህ ላይ “እንግዲህ ሁሉ ታይቷል” ቢል አይፈረድበትም። የዘርፉ ጽሑፎችም ይህን ስሜት ያጠናክራሉ፤ 97፣ 98፣ 99 በመቶ የሚል ቁጥር ያልያዘ ማግኘት ይቸግራል። ቁጥሮቹ ውሸት አይደሉም። የሚመልሱት ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

አንድ ስሌት እንሥራ። በአንድ ኔትወርክ ላይ አንድ ሚሊዮን ፍሰት አለ እንበል፤ ከእነዚህ ውስጥ ቪፒኤን የሆኑት ከሺህ አንድ፣ ማለትም 1,000 ናቸው። ሞዴሉ 99 በመቶ ትክክል ነው። ከ1,000 ቪፒኤኖች 990ውን ይይዛል፤ በጣም ጥሩ። ከቀሩት 999,000 ንጹሓን ፍሰቶች ግን 1 በመቶውን፣ ማለትም 9,990ውን፣ ቪፒኤን ናቸው ይላል። በጥቅሉ 10,980 ፍሰት ተይዞ እውነተኛው ቪፒኤን 990 ብቻ ነው። ከተያዙት መቶ ውስጥ ዘጠና አንዱ የባንክ ክፍያ፣ የሐኪም ቀጠሮ ወይም የተማሪ ፈተና ሊሆን ይችላል። የሚፈለገው ነገር ብርቅ በሆነ ቁጥር የ99 በመቶ ሞዴል ዋጋ እየወደቀ ይሄዳል። ይህን ስሌት ሳይሠራ መሣሪያ የሚገዛ ተቋም የሚገዛውን አያውቀውም።

ሁለተኛው ችግር ሞዴሉ የተማረው ነገር ነው። በ2022 የወጣ አንድ ጥናት የታወቁ የኔትወርክ ሞዴሎችን ውሳኔ ፈትቶ ሲመረምር፣ ቪፒኤንን ይለያል የተባለው ሞዴል የቪፒኤንን ጠባይ ሳይሆን ፓኬቶቹ የተቀዱበት መንገድ በራስጌያቸው ላይ የተወውን ምልክት ይዞ እንደሚወስን አገኘ። ተማሪው ትምህርቱን ትቶ የፈተናውን ወረቀት ቀለም ሸምድዶ ነበር። በዚያው ዓመት 30 የኮምፒውተር ደኅንነት ጥናቶችን የገመገመ ሌላ ሥራ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሦስት የአሠራር ግድፈት እንዳለባቸው አሳየ። እነዚህ 30ዎቹ በዘርፉ ዋና ዋና ጉባኤዎች ላይ የቀረቡ ናቸው፤ የጓዳ ሥራዎች አይደሉም።

ከቤተ ሙከራ ወደ ሜዳ ሲወጣ የሚሆነውን፣ የተጠቃሚውን ማንነት በሚደብቀው የቶር ኔትወርክ ላይ ከተደረጉት ጥናቶች ማየት ይቻላል። በ2018 “ዲፕ ፊንገርፕሪንቲንግ” የተባለው ሥራ በቶር የሚታዩ ድረ ገጾችን 98 በመቶ ትክክል ለየ፤ ተጠቃሚው ከተወሰኑት ድረ ገጾች ውጭ አይሄድም በሚል ግምት ነበር። በ2022 ሌሎች ተመራማሪዎች በእውነተኛ የቶር ትራፊክ ላይ ሲሞክሩት፣ የሚጠበቁት ድረ ገጾች አምስት ብቻ ሲሆኑ ከ95 በመቶ በላይ ሠራ፤ ወደ 25 ሲያድጉ ከ80 በመቶ በታች ወረደ። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ድረ ገጾች ስንት እንደሆኑ አንባቢ ያስብ።

እርጅናም አለ። መተግበሪያ በየሳምንቱ ይታደሳል፤ ሰርቨሩ ይቀየራል፤ ጠባዩም አብሮ። በ2016 ተወዳጅ የሆኑ 110 የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን ለመለየት የተሞከረበት አፕስካነር የተባለው ሥራ፣ ብዙ መተግበሪያዎች አንድ ዓይነት የማስታወቂያና የመለኪያ ቅጥያ ስለሚጠቀሙ የተወሰነው ትራፊካቸው ከነአካቴው አንድ እንደሆነ አስተውሏል። የጊዜ ልኬት ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያል። በአውሮፓ ወይም በካናዳ ቤተ ሙከራ ፈጣን መስመር ላይ የሠለጠነ ሞዴል፣ በተጨናነቀ የ3ጂ ማማ ሥር ፓኬቶች እየዘገዩና እየጠፉ ሲሄዱ የሚያየው ጠባይ የማያውቀው ነው። ለእኛ ዓይነት ኔትወርክ ከውጭ ተዘጋጅቶ የመጣ ሞዴል በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ያህል ይሠራል ብሎ ማመን የዋህነት ነው።

ማን ምን ይፈልግበታል

ኦፕሬተሩ የሚፈልገው በአመዛኙ ንጹሕ ነው። የትኛው ሰፈር ማታ ማታ በቪዲዮ እንደሚጨናነቅ ካወቀ መስመር ያሰፋል፤ ለጥሪ ቅድሚያ ሰጥቶ የፋይል ማውረድን ለጥቂት ሚሊሰከንድ ቢያቆይ ማንም አይጎዳም። እዚህ ላይ ሞዴሉ ከመቶ አምስት ቢሳሳት የሚሆነው አንድ ቪዲዮ ለአፍታ መቆም ነው።

ገንዘብ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። “ይህ መተግበሪያ ከጥቅልዎ አይቆጥርም” የሚል አገልግሎት ሁሉ መተግበሪያውን መለየት ግድ ይለዋል። ቲሞባይል በ2015 በአሜሪካ የጀመረው ቢንጅ ኦን ቪዲዮን በ1.5 ሜጋቢት በሰከንድ ገድቦ ከሂሳብ ውጭ ያሳይ ነበር። የኖርዝ ኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ሲፈትሹት መሣሪያው ቪዲዮን የሚያውቀው በግልጽ ከሚታየው የድረ ገጽ ስም እንደሆነ አገኙ፤ ስለዚህ ማንም ትራፊኩን በዚያ ስም አልብሶ በነፃ መጠቀም ይችል ነበር። ሕንድ በ2016 ዋጋን በይዘት የሚለይ የዳታ ታሪፍን ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2021 እንዲህ ያሉ የዜሮ ታሪፍ አገልግሎቶች ከክፍት ኢንተርኔት ሕጉ ጋር አይሄዱም አለ። ሁለቱም ያተኮሩት በአድልዎው ላይ ነው። ከአድልዎው በስተጀርባ ግን የእያንዳንዱን ደንበኛ ፍሰት የሚለይ መሣሪያ እንዳለ ብዙም አልተነጋገሩበትም።

የደኅንነት ባለሙያዎች ሌላ ጉዳይ አላቸው። ቫይረስም እንደ ሁሉ ይመሰጠራል። ከሴልስፎርስ በ2017 የወጣው ጄኤ3 አንድ ፕሮግራም ግንኙነት ሲጀምር የሚያቀርባቸውን የምስጠራ አማራጮች ቅደም ተከተል እንደ አሻራ ይወስዳል፤ ሲስኮም በዚያው ዓመት የተመሰጠረን ትራፊክ ሳይፈቱ የሚመረምር ምርት አወጣ። በአንድ ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ይህ ተገቢ ነው። ኮምፒውተሩ የድርጅቱ ነው፤ ስህተት ቢፈጠር የሚደወልለት ሰው እዚያው አለ።

መንግሥታት ጋ ስንደርስ ስህተቱ የሚያርፈው ምንም በማያውቅ ሰው ላይ ነው። ቻይና ከኖቬምበር 2021 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የተመሰጠሩ፣ ምንም የታወቀ መልክ የሌላቸውን ፍሰቶች መቁረጥ ጀመረች። ተመራማሪዎች አሠራሩን ከውጭ ፈትተው በ2023 ሲያሳትሙ ረቂቅ የኒውራል ኔትወርክ አላገኙም። መሣሪያው የመጀመሪያውን ፓኬት ቢቶች ይቆጥራል፤ በየባይቱ ካሉት 8 ቢቶች “1” የሆኑት በአማካይ ከ3.4 እስከ 4.6 ከሆኑ፣ ፓኬቱም እንደ ጽሑፍ የሚነበብ ነገር ወይም የታወቀ ፕሮቶኮል መልክ ከሌለው ይቆርጣል። ይህ ደንብ በሁሉም ላይ ቢተገበር ከጤነኛው ትራፊክ 0.6 በመቶ ያህሉን አብሮ እንደሚቆርጥ ገምተዋል። ሳንሱሩም ይህን የሚያውቅ ይመስላል፤ ደንቡን የሚያሠራው በተወሰኑ የዳታ ማዕከል አድራሻዎች ላይ ብቻ ነበር፤ እዚያም ቢሆን በሩብ ያህሉ ግንኙነት ላይ። በዓለም ትልቁን የማጣሪያ ሥርዓት የሚያንቀሳቅስ አካል የስህተቱን ዋጋ ሰግቶ እጁን ይሰበስባል፤ ሌላው ቢቀር ለአገሩ ንግድ ሲል።

ሩሲያ በማርች 2021 ትዊተርን ስታዘገይ እንዲህ አልተጠነቀቀችም። የትዊተር አጭር አድራሻ “ቲ ነጥብ ኮ” ነው፤ ደንቡም እነዚህ ፊደላት በተከታታይ ያሉበትን ስም ሁሉ ያዝ የሚል ነበር። በ“ቲ” የሚያልቅ ስም ሁሉ “ነጥብ ኮም” ሲከተለው እነዚያኑ ፊደላት ይፈጥራል። ማይክሮሶፍትና ሬዲት ከትዊተር ጋር አብረው በሰከንድ ወደ 150 ኪሎቢት አካባቢ ተጎተቱ።

በኢትዮጵያ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። የቶር ፕሮጀክት በ2012 አጋማሽ ኢትዮጵያ ውስጥ ቶር ግንኙነት ሲጀምር በሚያሳየው አሻራ እየተለየ መዘጋቱን ዘግቧል። የዚያን ዓመት የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ሲወጣ “ስካይፕ መደወል ሊያሳስር ነው” የሚል ስጋት ውጭ ባሉ ወገኖቻችንም ዘንድ ተናፍሶ ነበር፤ የኢንተርኔት ጥሪን ከሌላው ትራፊክ የመለየት ጉዳይ እዚህም የኦፕሬተር ገቢ ጉዳይ ሆኖ ነው የመጣው። በፌብሩዋሪ 2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ሲገደቡ ሰው ወደ ቪፒኤን ጎረፈ። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ጊጅ ኔትወርክስ ከተባለ የቻይና ኩባንያ ያፈተለኩ ሰነዶችን የመረመሩት ኢንተርሴክላብ፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ሌሎች ተቋማት የኩባንያው ደንበኛ ናቸው ካሏቸው አገሮች መካከል ካዛክስታንን፣ ፓኪስታንን፣ ምያንማርንና ኢትዮጵያን ጠቅሰዋል። የኩባንያው ዋና ምርት መተግበሪያንና ቪፒኤንን ከትራፊክ ለይቶ የሚያግድ መሣሪያ ነው። ማጣሪያ ዛሬ እንደ ማንኛውም ዕቃ ተጭኖ፣ ተገጥሞ፣ ሥልጠና ተሰጥቶበት ይሸጣል።

መደበቅ ስንት ያስከፍላል

በጠባይ መለየትን ለማክሸፍ መፍትሔው በንድፈ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ፓኬቱን ሁሉ እኩል ማድረግ፣ ክፍተቱን እኩል ማድረግ፣ ዝምታውን በባዶ ፓኬት መሙላት። ማሽኑ የሚለካው ነገር ያጣል። ሂሳቡን የሚከፍለው ግን ተጠቃሚው ነው። በሜጋባይት በሚከፈልበት አገር ባዶ ፓኬት ባዶ ብር ነው። ክፍተቱን ማስተካከል ደግሞ መዘግየት ያመጣል፤ ለኢሜይል ምንም አይደለም፣ ለጥሪ ግን ሞት ነው። ስለዚህ መተግበሪያ ሠሪዎች ጥቂት ማደናገሪያ ጨምረው ያቆማሉ።

ውጤቱን በቴሌግራም ላይ እናየዋለን። በ2020 የቀረበ ጥናት አንድ ሰው የአንድ ቻናል አስተዳዳሪ ወይም አባል መሆኑን ምስጠራውን ሳይነኩ፣ ቻናሉ ላይ ነገር በተለጠፈ ሰዓት የሰውየው መስመር ላይ የሚታየውን ሞገድ በማመሳከር ብቻ መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። ለ15 ደቂቃ ተከታትለው 94 በመቶ ለይተዋል፤ በሐሰት የተያዘው ከሺህ አንድ ያህል ነው። ትልልቅ ፎቶና ቪዲዮ የሚለጥፍ ቻናል ይበልጥ ይጋለጣል። ዜናውን፣ ገበያውንና ትምህርቱን በቴሌግራም ቻናል ለሚያካሂደው የኛ አንባቢ ከኔትፍሊክሱ ጥናት ይልቅ ይህኛው ያሳስበዋል።

ቪፒኤንም ሙሉ መሸሸጊያ አይደለም። በ2022 ተመራማሪዎች ከአንድ ሚሊዮን ገደማ ተጠቃሚ ካለው የአሜሪካ ኦፕሬተር ጋር ተባብረው ኦፕንቪፒኤን ከተባለው ዓይነት ከ85 በመቶ በላይ የሆነውን እጅግ በጥቂት ስህተት ለይተዋል። ይህ ከላይ ያስቀመጥነውን ስሌት የሚቃረን ይመስላል፤ አይቃረንም። ሁለት ደረጃ ተጠቀሙ፤ በመጀመሪያ በጠባይ ጠረጠሩ፣ ከዚያ የተጠረጠረውን ሰርቨር ራሳቸው አንኳኩተው አረጋገጡ። ግምትን ወደ ማስረጃ የቀየረው ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ እሱም ጊዜና ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ወዴት ያመራል

ከሁሉ የሚቀርበው መንገድ ቀስ ብሎ መጨለም ነው። የመጨረሻውን ቀዳዳ፣ የድረ ገጹን ስም፣ የሚመሰጥር ሥርዓት በትልልቅ አሳሾችና የብዙ ድረ ገጾችን ትራፊክ በሚያስተላልፈው ክላውድፍሌር በኩል እየገባ ነው። ስሙ ከተዘጋ ርካሹ መንገድ ያበቃና ኦፕሬተሮች በጠባይ ላይ ይበልጥ ይደገፋሉ፤ ገበያውም ወደ ማሽን ለርኒንግ ያዘነብላል። ለኔትወርክ እቅድ ይህ በቂ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የከፋ ነው። መለየት ሲያቅተው የማያውቀውን ሁሉ የሚዘጋ መንግሥት አለ። ሩሲያ በ2024 መጨረሻ ክላውድፍሌር ስሙን የሚመሰጥርበትን ሥርዓት በመዝጋት ይህን አሳይታለች፤ ቻይናም የዚያን ሥርዓት ቀዳሚ ዓይነት በ2020 ዘግታለች። እዚህ ሞዴል መራቀቁ ትርጉም የለውም፤ ጥርጣሬ ራሱ ደንብ ሆኗል። በእኔ ግምት የሚያሰጋው ማሽኑ ሁሉን ማወቁ አይደለም፤ የማያውቀውን እንደ ጥፋተኛ መቁጠሩ ነው።

ሦስተኛው ስምምነት ነው። በኢንተርኔት ደረጃ አውጪው አይኢቲኤፍ ውስጥ ስኮን የተባለ ቡድን፣ ኔትወርኩ ይዘቱን ሳይገምት ለመተግበሪያው “ከዚህ ፍጥነት በላይ አልችልም” ብሎ በቀጥታ የሚነግርበትን መንገድ እየነደፈ ነው። ኦፕሬተሩ የሚፈልገው መጨናነቅን መቀነስ ብቻ ከሆነ መሰለል ሳያስፈልገው ያገኘዋል። ሌላ ነገር የሚፈልግ ከሆነ ግን ይህን አይቀበልም።

ለኢትዮጵያ ጉዳዩ የሕግ መሠረት አግኝቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ የሚለው ማንነቱ የታወቀን ወይም ሊታወቅ የሚችልን ሰው የሚመለከት መረጃን ነው። በስሙ በተመዘገበ ሲም ላይ “ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ቪፒኤን ተጠቀመ” የሚል መዝገብ፣ ይዘቱ ባይነበብም፣ በዚህ ትርጉም ውስጥ የሚገባ ይመስለኛል፤ ስህተት ሊሆን የሚችል መዝገብ ሲሆን ደግሞ ሰውየው የማረም መብት ሊኖረው ይገባል። አዋጁን እንዲያስፈጽም የተሰየመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ኦፕሬተሮቹንም የሚቆጣጠረው እሱው ነው። ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ትራፊክን በምን መሣሪያ እንደሚለዩ፣ መዝገቡን ስንት ቀን እንደሚያቆዩ፣ ለማን እንደሚሰጡና በስህተት የተቆረጠ ደንበኛ የት አቤት እንደሚል በይፋ እንዲያሳውቁ ማዘዝ ያለበት ይህ ተቋም ነው፤ ለዚህም አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልገውም።